ከግድግዳ ጋዜጣ ወደ ብሎግ፦ የአምስተኛ ክፍል የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት፣ ሦስተኛው ሳምንት

አማርኛ አስተምራለሁ። አምስተኛ ክፍል፣ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት። በአንድ ክፍል ከ50 በላይ ልጆች አሉኝ፤ ብዙዎቹ የሸማኔ ልጆች ናቸው። ዘንድሮ ከእነሱ ጋር የክፍል ብሎግ ልከፍት ነው፤ ጽሑፋቸው የሚወጣበት፣ አንባቢም ከሥሩ አስተያየት የሚጽፍበት የኢንተርኔት ገጽ። ሂደቱን እንደመጣ እዚህ አሰፍራለሁ። ሌላ መምህር ልሞክረው ቢል ከየት እንደሚጀምር እንዲያይ ነው።

ለምን እንደምጀምረው መጀመሪያ ልናገር። ድርሰት ጻፉ ሲባል ልጆቹ ምን እንደሚጽፉ የአማርኛ መምህር ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። «ላም የቤት እንስሳ ናት። ላም ወተት ትሰጣለች። ላም በጣም ትጠቅመናለች።» ልጁ ቤት ላም የለችም። ግን ምን ቸገረው? የሚጽፈው ለእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ላም ወተት እንደምትሰጥ እንደማውቅ ያውቃል። ደብተሩን ስመልስለት ከአሥር ስንት እንዳገኘ ያያል፣ ገጹን ይገልጣል፣ አለቀ። የጻፈውን መልሶ አያነበውም። ሌላም ሰው አያነበውም።

እነዚሁ ልጆች በእረፍት ሰዓት ሲያወሩ ብትሰሟቸው ሌላ ናቸው። ኳሷ የማን ግቢ እንደገባች፣ ማን አጥር እንደዘለለ፣ ዘበኛው ምን እንዳለ፣ ቅደም ተከተሉ ሳይዛነፍ፣ ድምፅ እያስመሰሉ ይተርኩታል። ሰሚ አላቸዋ! ለጽሑፋቸውም አንባቢ ልፈልግላቸው ነው።

ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው። ሰለስተን ፍሬኔ የሚባል ፈረንሳዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በደቡብ ፈረንሳይ ባር-ሱር-ሉ በምትባል መንደር ያስተምር ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባው ቆስሎ ነው የተመለሰው፤ ብዙ መናገር ይከብደዋል። ትንሽ የማተሚያ መሣሪያ ገዛና ክፍሉ ውስጥ አስገባ። ልጆቹ የራሳቸውን ጽሑፍ ፊደል እየለቀሙ ያትሙ ጀመር። የታተመውን በሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ፣ ብሪታኒ ውስጥ ላለ ትምህርት ቤት በፖስታ ይልካሉ፤ የዚያኞቹም ይመልሳሉ። ከዚያ ተነሥቶ ነገሩ በብዙ አገር ተዛመተ። ብሎግ ለእኔ ያ ማተሚያና ያ ፖስታ ባንድ ላይ ነው።

በእኛም ትምህርት ቤቶች መሠረቱ አለ። ሚኒ ሚዲያ አለን፤ ልጆች ሰልፍ ላይና በእረፍት ሰዓት ዜና ያነባሉ። የግድግዳ ጋዜጣም አለን፤ ግን አንዴ ከተለጠፈ ፀሐይ እስኪያገረጣው ድረስ እዚያው ይከርማል። ከእነዚህ ሁለቱ እጀምራለሁ።

ኅዳር፣ መጀመሪያ

ኮምፒውተር ሳንነካ ጀመርን። ይህን ለማንም መምህር አጥብቄ እመክራለሁ። ብሎግ ማለት ጽሑፍ፣ አንባቢና መልስ ነው። ሦስቱም በወረቀት ይለመዳሉ።

በክፍሉ የኋላ ግድግዳ ላይ ትልልቅ ወረቀት ለጠፍን። ልጆቹ በየተራ አጭር ጽሑፍ ይሰቅላሉ። ከሥሩ ባዶ ቦታ አለ። ሌሎቹ በቁራጭ ወረቀት አስተያየት ጽፈው እዚያ ይለጥፋሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት አስተያየት በሙሉ «ጎበዝ»፣ «በርታ»፣ «አሪፍ ነው» ሆነ። ደግነት ነው፤ ግን ጸሐፊው ምንም አያደርግበትም። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣን። አስተያየት ሁለት ነገር ይኑረው፤ ከጽሑፉ ውስጥ የወደድከውን ነገር ጥቀስ፣ ከዚያ የምር ማወቅ የምትፈልገውን ጠይቅ። «የምር» የምትለዋ ላይ ብዙ ቆየን። ለይስሙላ የተጠየቀ ጥያቄ ልጆቹ ራሳቸው ወዲያው ያውቁታል።

አንዲት ልጅ የሰቀለችው ይህ ነበር።

«አባቴ ሸማኔ ነው። ነጠላና ጋቢ ይሠራል። ሥራው በጣም ጥሩ ነው። እኔ አባቴን በጣም እወደዋለሁ።»

ከሥሩ ሦስት ጥያቄ ተለጠፈ። «ጋቢና ነጠላ በምን ይለያያሉ?» «ሲሠራ እግሩን የት ያደርጋል?» «ጠዋት ስንት ሰዓት ይጀምራል?» ሁለተኛውን የጠየቀው አባቱ ሾፌር የሆነ ልጅ ነው። ሸማኔ ሲሠራ አይቶ አያውቅም፤ ሽሮ ሜዳ ተወልዶ። ልጅቷ ጥያቄዎቹን ይዛ ቤቷ ሄደች። በማግስቱ ይህን ይዛ መጣች።

«አባዬ የሚሠራው ጉድጓድ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነው። እግሮቹ ጉድጓዱ ውስጥ ሆነው መርገጫውን ይረግጣሉ። በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይልከዋል፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይመልሰዋል። ጧ ጧ ይላል። ጋቢ አራት ፈርጅ ስለሆነ ብዙ ክር ይበላል። ነጠላ ቶሎ ያልቃል። እኔ ጠዋት የምነሣው ጧ ጧ ሲል ሰምቼ ነው።»

ስለ ገለጻ ድርሰት አንድ ቃል አላስተማርኳትም። «ዘርዝረሽ ጻፊ» አላልኳትም። የጓደኛዋ ጥያቄ ነው ያጻፋት። የዓመቱ ሥራ በሙሉ በዚህች ቁራጭ ወረቀት ላይ የቆመ ነው ብል አላጋነንኩም።

ኅዳር፣ መጨረሻ

የወላጅ ስብሰባ። የፈቃድ ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ማንበብ ስለማይችል ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ከዚያ ጥያቄ መጣ። አንዲት እናት «መምህር፣ ፎቶዋን ማንም ሰው ሊያየው ነው?» አሉኝ። የልጅ ፎቶ ጭራሽ እንደማይወጣ፣ ስምም እንደማይጻፍ ነገርኳቸው። አንድ አባት ደግሞ ያልጠበቅኩትን ጠየቁ። «ልጆቹ ሸማውን በስንት እንደምንሸጥ ይጽፉታል ወይ? ነጋዴው ካየው ነገ ዋጋ ይሰብርብናል።» በጣም ትክክል ናቸው። ልጅ የቤቱን ነገር ሲጽፍ የቤተሰብ ገበና አብሮ ሊወጣ ይችላል። እዚያው ደንብ ውስጥ ገባ፤ ዋጋ፣ ብድር፣ የቤት አድራሻ፣ ሕመም አይጻፍም።

በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የልጅ መረጃ ቀልድ አይደለም። ሕጉ ባይኖርም ግን ይህን ማድረግ ነበረብን።

ልጆቹ የብዕር ስም መረጡ። «መወርወሪያ»፣ «የእንጦጦ ንፋስ»፣ «ቁጥር አሥር»። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሄደበት፤ አይቆጨኝም። የብዕር ስም ያለው ልጅ ጸሐፊ ነኝ ብሎ ይቀመጣል።

አካውንቱ የእኔ ነው። በእነሱ ዕድሜ ያለ ልጅ የራሱን የጉግል አካውንት ብቻውን እንዲከፍት አይፈቀድም፤ ተራው ገደብ 13 ዓመት ነው። ብሎገር የተባለውን የጉግል የብሎግ መክፈቻ የመረጥኩት ነፃ ስለሆነ፣ በስልክም ስለሚሠራና አስተያየት እኔ ሳላጸድቀው እንዳይወጣ ማድረግ ስለሚቻል ነው። በዚህች የመጨረሻዋ ላይ አልደራደርም። ለትምህርት ቤት ተብለው የተሠሩም አሉ፤ ኤዱብሎግስ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ዋናው ቁልፉ በመምህሩ እጅ መሆኑ ነው።

ታኅሣሥ

ወደ ኮምፒውተር ክፍል ገባን። የሚሠሩት ኮምፒውተሮች 9 ናቸው። ኢንተርኔቱ አንዳንድ ቀን አለ፣ አንዳንድ ቀን የለም፤ ሲጠፋ ከስልኬ ሆትስፖት እከፍታለሁ። መብራት ሲጠፋ ደብተር አለ።

በቡድን ከፈልኳቸው። አንዱ ጽሑፉ የእሱ ነው፣ አንዱ ይተይባል፣ አንዱ ጮክ ብሎ ያነብለታል፣ ሌሎቹ ያርማሉ። ተራው ይዞራል።

የአይሲቲ መምህሩ የሚኒ ሚዲያውን የድሮ ጽሑፎች በፍላሽ አመጣልን። ብሎጉ ላይ ስንለጥፋቸው የማይነበብ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኑ። ምክንያቱን ለልጆቹ አስረዳቸው። የድሮ የአማርኛ ፎንቶች ብዙዎቹ የአማርኛውን ቅርፅ በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ያለበት ማሽን ላይ አማርኛ ይመስላል፤ ሌላ ቦታ ሲሄድ እርቃኑን ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ሥርዓት ውስጥ ገባና እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አገኘ። አሁን እዚህ የተጻፈ «ሸ» የትም አገር ስልክ ላይ «ሸ» ነው። የድሮዎቹን ጽሑፎች ልጆቹ እንደገና ተየቧቸው። ጥሩ የትየባ ልምምድ ሆነ።

ስለ ትየባ አንድ ነገር ልጨምር። ቃሉ እንደሚሰማው በእንግሊዝኛ ቁልፎች በሚጻፍበት ኪቦርድ አንድ የአማርኛ ፊደል ለማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁልፍ ይነካል፤ አንዱ ለተነባቢው፣ አንዱ ለአናባቢው። ካዕብና ሳብዕ የሚምታታበት አንድ ልጅ አለኝ፤ «ሙሉ» ለማለት «ሞሎ» ይጽፋል። በእርሳስ ሲጽፍ እጁ ወደ ቀናው ይሄዳል። ኪቦርድ ላይ ግን አናባቢውን መርጦ መንካት ግድ ነው። ጣቱን አንሥቶ «ሙ… ሙ… ኡ» እያለ ለራሱ ሲያሰማ አየሁት። ከዚያ ነካ። ይህን ቀስታ በደብተር ላይ ላመጣለት አልቻልኩም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች ከገና በፊት ወጡ። የጧ ጧዋ ልጅ ጽሑፍ ከላይ ናት።

ነጥብ አልሰጥም። ወስኛለሁ። ብሎግ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ ከአሥር ስንት የሚባል ነገር የለውም። ነጥብ ከገባ አንባቢው ተመልሶ እኔ ልሆን ነው። የፊደል ግድፈት ይታረማል፤ ያውም በቡድኑ፣ ከዚያ በእኔ፣ ያውም አንዴ በአንድ ዓይነት ስሕተት ላይ ብቻ። ዓረፍተ ነገሩን ግን አልነካም። «ጧ ጧ ይላል» የሚለውን «ድምፅ ያሰማል» ብዬ ባርመው ምን ይቀረኛል?

ጥር

ፈተናው እንዳለ ሆኖ ይህ ወር የእኛ ሰፈር ወር ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ከገና እስከ ጥምቀት ሽሮ ሜዳ አትተኛም። ልጆቹም የሚጽፉት ሞልቷል። ሱቆቹ በር ላይ የተሰቀለው ቀሚስ፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ገዢ፣ ሌሊት የሚያድረው አባት።

እዚህ ላይ ያላሰብነው አንባቢ መጣ። አባቶቹ። «መወርወሪያ» ጽሑፉን በእናቱ ስልክ ከፍቶ ለአባቱ አነበበለት። «አባዬ ክሩን ከሱቅ ይገዛና ወዲያው መሸመን ይጀምራል» ብሎ ነበር የጻፈው። አባትየው «ድሩ ሳይደራ?» ብለው ሥራቸውን አቁመው አሳዩት አለኝ። ክሩ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ድሩ ተለክቶ እንዴት እንደሚወጠር፣ ማጉ በቀሰም፣ ክር በሚጠቀለልበት ቀጭን ዘንግ፣ ተጠንጥኖ መወርወሪያው ውስጥ እንዴት እንደሚገባ። ልጁ ሰኞ ሲመጣ አዲሱን አንቀጽ በደብተሩ ሞልቶት ነበር። «ቲቸር፣ አባዬ ሳይጨመርበት እንዳታወጪው ብሏል» አለኝ። አባትየው ፊደል አልቆጠሩም። አርታኢ ግን ሆነዋል።

አንባቢ ከውጭም መጣ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የአንዲት ልጅ አጎት ረጅም አስተያየት ጻፈ። እሱ ልጅ ሳለ እዚያው ሰፈር ጥምቀት እንዴት እንደነበረ ነው። ልጆቹ አስተያየቱን በሚኒ ሚዲያ አነበቡት። ለመልሱ ተሰብስበው ሲጽፉ «አሁን ጃንሜዳ ሲኬድ በየት በኩል እንደሆነ እንንገረው» ተባባሉ። ያ አጎት ስለማያየው ነገር መጻፍ ስለሆነ ማስረዳት ነበረባቸው። ለእኔ የሚጽፉ ቢሆን «ቲቸር ታውቃለች» ብለው ይተዉት ነበር።

የካቲት

ሁለተኛው መንፈቅ። ባሕር ዳር የሚያስተምር የኮሌጅ ጓደኛዬ ከአምስተኛ ክፍሎቹ ጋር ገባ። ሐሳቡን ያገኘሁት ከእንግሊዝ ነው። ቦልተን ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር የነበረ ዴቪድ ሚቼል ኳድብሎጊንግ የሚባል ነገር ጀምሮ ነበር። አራት ክፍሎች ይጣመራሉ። በየሳምንቱ የአንዱ ተራ ይሆናል፤ ሦስቱ የእሱን ያነባሉ፣ አስተያየት ይጽፋሉ። ማንም ልጅ አንባቢ አጥቶ እንዳይቀር ነው። እኛ በሁለት ጀመርን፤ አንድ ሳምንት የእነሱ፣ አንድ ሳምንት የእኛ።

የባሕር ዳሮቹ ስለ ታንኳ ጻፉ። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል የሚባል ተክል ከጣና ዳር ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይታሰራል። የእኔዎቹ አብዛኞቹ ሐይቅ አይተው አያውቁም። ጥያቄው ጎረፈ። «ደንገሉ ውኃ አይጠጣም?» «ሲያረጅ ምን ታደርጉታላችሁ?» «ዋና የማይችል ሰው ይሳፈራል?» መልሱ ሲመጣ ክፍሉ ጸጥ ብሎ አዳመጠ። ውኃማ ይጠጣል፤ ስለዚህ ከተነዳ በኋላ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል ብለው ጻፉልን።

ከዚያኛውም ወገን አንድ ጥያቄ መጣ፦ «ጥለቱ በኋላ ነው የሚሰፋው ወይስ አብሮ ነው የሚሸመነው?» ስምንት የሸማኔ ልጆች ባሉበት ቡድን ውስጥ ክርክር ተነሣ። ገሚሱ ይሰፋል፣ ገሚሱ ይሸመናል አለ። በየቤታቸው ጠይቀው መጡ። አብሮ ነው የሚሸመነው፤ ባለቀለሙ ክር በእጅ እየተለቀመ በድሩ መሀል ይገባል። አንዷ በሥዕል አስቀመጠችው፤ ሥዕሉን ፎቶ አንሥተን አወጣነው። ዕድሜ ልካቸውን ያዩትን ነገር ሌላ ከተማ ያለ ልጅ ሲጠይቃቸው ገና አሁን ተመለከቱት።

የዓድዋ ሰሞን ግን ሥራው ቀዘቀዘ። ሁሉም «የካቲት 23 ቀን 1888» ብሎ ጀምሮ የመጽሐፉን ገጽ ገለበጠ። የባሕር ዳሮቹም እንደዚያው። አስተያየት የሚሰጥ ጠፋ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላውም ጽፎታል፣ ምን ይጠየቃል? ስለዚህ ርዕሱን አጠበብነው። በበዓሉ ቀን ምን ለበሳችሁ፣ ልብሱ የማን ነበር፣ ማን ሠራው? አንዱ ልጅ የአያቱን ጋቢ ለብሶ ሰልፍ ሲወጣ እንዴት ይጎተትበት እንደነበር ጻፈ። አሥራ ሰባት አስተያየት አገኘ። ከዚህ በኋላ ከልጁ ቤትና መንገድ የማይነሣ ርዕስ ብሎጉ ላይ አልሰጥም። መጽሐፉ ለፈተና ነው፤ ይጠናል።

መጋቢት

ከባዱ ወር።

አንድ ልጅ በጣም የሚያምር ጽሑፍ አመጣ። «ማታ ማታ ቀሰም አጠነጥናለሁ። አባዬ ሲያሸልበው እቀሰቅሰዋለሁ። አንዳንዴ እኔም ያሸልበኛል። ትዕዛዝ ሲበዛ ጠዋት ትምህርት ቤት ስመጣ ዓይኔ ያቃጥለኛል።» በኩራት ነው የጻፈው። አባቱን የሚያግዝ ልጅ ነው፤ ቢኮራም ይገባዋል። ክፍል ውስጥ ለምን እንደሚያንቀላፋም ያን ዕለት ገባኝ።

አላወጣነውም። ለብቻው አስቀምጬ ነገርኩት። ጽሑፉ ጥሩ እንደሆነ፣ የደብተሩ እንደሆነና ለሕዝብ ግን እንደማይሆን። ቤተሰቡን የማያውቅ ሰው አንብቦ ክፉ ቃል ቢጽፍ የሚጎዱት እናቱና አባቱ ናቸው። ከዚያ እናቱን አነጋገርኩ። በሰላም ነው ያወራነው። ቢያንስ ከእሁድ እስከ ሐሙስ ማታ ሥራው እንዲቀርለት ተስማማን። ወደ ሽመና የሚገቡ ልጆች ነገር በዚህ ሰፈር ትልቅ ጉዳይ ነው፤ አንድ መምህር ብቻውን አይፈታውም። ነገር ግን ልጁ ባይጽፈው አላውቅም ነበር።

በዚሁ ወር ከማናውቀው ሰው አንድ አስተያየት መጣ። «ጎበዝ ልጅ፣ ስልክ ቁጥርሽን ላኪልኝ፣ ስጦታ አለኝ» ይላል። ሳይወጣ ሰረዝኩት። ለልጆቹ ግን ነገርኳቸው፤ ቃሉን አንብቤላቸው፣ ምኑ እንደሚያሳስብ ራሳቸው እንዲናገሩ አደረግኩ። «ጽሑፏን ሳያነብ ነው የጻፈው» አለች አንዷ። «ለስጦታ ስልክ ምን ያደርጋል?» አለ ሌላው። «እናትሽን አትጠይቂ ሊል ነው» አለ ሦስተኛው። ስለ ኢንተርኔት ደህንነት ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለኝም። አስተያየት በቅድሚያ የሚጸድቅ ካልሆነ የልጆች ብሎግ አይከፈት።

ቀሪው ወር የምግብ ሆነ። በአዲስ አበባ የተማሪዎች ምገባ ልጆቻችን ቁርስና ምሳ ትምህርት ቤት ይበላሉ። ስለዚህ ስለ ኩሽናው ሊጽፉ ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በስኮትላንድ አንዲት የ9 ዓመት ልጅ በብሎግዋ ላይ በየቀኑ የትምህርት ቤት ምሳዋን ፎቶ እያነሣች ስለ ጣዕሙና ስለ መጠኑ ትጽፍ እንደነበር ነገርኳቸው። የአካባቢው ምክር ቤት ፎቶ ማንሣቱን ከለከለ፤ ሕዝቡ ተቆጣ፤ ክልከላው ተነሣ። በብሎጓ በኩል የተሰበሰበው ገንዘብ ከ100,000 ፓውንድ በላይ ሆኖ ማላዊ ላሉ ተማሪዎች ምግብ ዋለ። ልጆቹ በጣም ነካቸው። «የእኛን ግን እንዳንሰድብ» አለ አንዱ፤ «እማማዎቹ ይቀየማሉ።»

ስለዚህ ወደ ኩሽና ሄደው የሚያበስሉትን እናቶች ጠየቁ። ሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚነሡ፣ እሳቱ መቼ እንደሚቀጣጠል፣ ትልቁ ድስት በስንት ሰው እንደሚወርድ። ጽሑፉ ታትሞ ኩሽናው በር ላይ ተለጠፈ። ምስር ሲበዛ ደስ እንደማይላቸውም ጽፈዋል፤ በጨዋ ቃል። አልሰረዝኩትም። ወቀሳን በምክንያትና በአክብሮት መጻፍም ይለመዳል።

ሚያዝያ

ሰው የሚጠይቀኝን ልመልስ።

ጊዜ ይወስዳል? ይወስዳል። የጽሕፈት ክፍለ ጊዜዬን ሙሉ በሙሉ ወደዚህ አዛውሬዋለሁ። ሰዋስውን ለብቻ ማስተማር አላቆምኩም። ነገር ግን ሥርዓተ ነጥብን ለብቻ ማስተማር ቀርቷል። ምክንያቱም ሚኒ ሚዲያ ላይ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ሲያነብ አራት ነጥብ ከሌለው ትንፋሽ ያጥረዋል። አንድ ቀን አንባቢው መሀል ላይ ቆሞ በማይክ «ይሄ ልጅ የት ነው የምተነፍሰው?» አለ። ግቢው ሳቀ። ጸሐፊው በማግስቱ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ አራት ነጥብ ደርድሮ መጣ።

ሁሉም ልጅ ይጠቀማል? እኩል አይደለም። ማንበብ ገና ያልጠናላቸው ጥቂት ልጆች አሉኝ። ለእነሱ ጓደኛቸው የሚናገሩትን ይጽፍላቸዋል፣ ከዚያ የራሳቸውን ቃል ከወረቀቱ ላይ ያነባሉ። የራስን ቃል ማንበብ ይቀላል፤ ምን እንደሚመጣ ታውቀዋለህ። ሁለቱ በዚህ መንገድ ወደ ቡድኑ ደርሰዋል። ሌሎቹ ገና ናቸው፤ የተለየ እገዛ ይፈልጋሉ፤ ብሎግ ብቻውን ማንበብ አያስተምርም።

ኮምፒውተር በሌለበትስ? የግድግዳውን ጀምሩ። የምር እላለሁ። በሳምንት አንዴ የመምህሩ አንድ ስልክ ይበቃል። ልጆቹ በወረቀት ይጽፋሉ፣ ያርማሉ፤ የመጨረሻውን አንድ ሰው ይተይባል። ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር በወረቀት መለዋወጥም ይቻላል፤ ፍሬኔ ፖስታ ነበር ያለው።

ስንት ሰው አነበበው የሚለውን ቁጥር በሪፖርት ላይ እንዳስገባ ተጠይቄያለሁ። አስገባሁት። ለልጆቹ ግን አላሳየኋቸውም። አሥር ሺህ ሰው አይቶት ማንም ካልጠየቀ ምንም አይጠቅማቸውም። ባሕር ዳር ያለች አንዲት ልጅ «ከዚያስ?» ካለች ግን እንደገና ይጽፋሉ።

ግንቦት

የዓመቱ መዝጊያ እየደረሰ ነው። ከብሎገር ቅንብር ውስጥ ያለውን ሁሉ አውርጄ በሁለት ፍላሽ አስቀምጫለሁ፤ አንዱ በእኔ እጅ፣ አንዱ በቤተ መጻሕፍቱ። ጽሑፎቹን አትመን በክር ጠርዘናቸዋል። ክሩን «መወርወሪያ» ከቤቱ አምጥቶ ነው። አንዱ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ፣ አንዱ ለኩሽናው፣ አንዱ በባሕር ዳሩ ጓደኛዬ በኩል ለእነሱ ይሄዳል።

ልጆቹ ስድስተኛ ክፍል ሲገቡ ፈተና አለባቸው፤ እንደ ዘንድሮው ጊዜ አይኖራቸውም። ስለዚህ የሚመጡት አምስተኛዎች ብሎጉን ይረከባሉ፤ ነባሮቹ ደግሞ በወር አንዴ አስተያየት ሰጪ ሆነው ይመለሳሉ። የአስተያየቱን ደንብ ለአዲሶቹ የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው። ራሳቸው ጠይቀው ነው።

ለመስከረም የሚቀረኝ ይህ ነው፦ የፈቃድ ወረቀቱን ለአዲሶቹ ወላጆች ማባዛት፣ ከአይሲቲ መምህሩ ጋር የተበላሹትን ኮምፒውተሮች ማየት፣ ሦስተኛና አራተኛ ክፍል መፈለግ። ባሕር ዳሮቹ በባሕር አቅራቢያ ያለ ትምህርት ቤት ይምጣልን ብለዋል። የእኔዎቹ ግመል ያለበት ቦታ ይሁን ይላሉ። ጅግጅጋ ወይም ሰመራ በአማርኛ የምታስተምሩ ካላችሁ በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ።